የሚኪያስ አጎት

እንዴት ዋሉ እትዬ ከፈለች? ይግቡ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ይግቡ። እዚያ ጎማው ላይ አይቀመጡ፤ ፀሐይ ሲጠብሰው ነው የዋለው፣ ነጭ ቀሚስዎን ያበላሽብዎታል። በርጩማው ይሻላል። እኔ ይችን የባጃጅ ጎማ እየለጠፍኩ አዋራዎታለሁ። ባለቤቱ ዋጃ የሚያደርሰው ሰው አለው መሰለኝ፣ ሻይ ቤቱ በር ላይ ብቅ እያለ ያየኛል።

ሙቀቱስ እንዴት አደረገዎት? ዘንድሮ ብሶበታል። ማሽላውስ? እርስዎ ማሳ ላይ ግሪሳ ወርዶ ነበር ሲሉ ሰማሁ። ግሪሳ ደግ ወፍ ነው። አይሳቁ፣ ከልቤ ነው። ሌላው ያልዘራውን ሲበላ ይደበቃል፣ ያፍራል። ግሪሳ ግን በጠራራ ፀሐይ ይመጣል፤ ባለቤቱ ማማው ላይ ቆሞ ወንጭፉን እንደያዘ እያየው ይበላል፤ በልቶም ዘፍኖ ይሄዳል። እንዲያ ያለ ግልጽ ፍጡር ከየት ይገኛል?

ሚስቴን? ወይንሸት አለች። ደህና ናት። ከቤት አትወጣም እንጂ ደህና ናት። መጥተው ነበር ብዬ እነግራታለሁ።

ይህ የያዙትስ ምንድን ነው? ለእኔ? ልጅዎ ነው የላከው? እግዜር ይስጠው። እስቲ ልየው፣ እጄን ልጥረግ… ካፖርት። ይህማ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ነው። ኮፍያም አለው። በኮፍያው ዙሪያ ደግሞ የአውሬ ጠጉር። ለቆቦ… አይ፣ ምን ነውር አለው? ሰው የሚልከው የራሱን ብርድ አስቦ ነው። እሱ በርዶታል፣ እንግዲህ እኛም ሳይበርደን አይቀርም። ከራስ ተነስቶ ለሰው ማሰብ የሚሉት ይኸ አይደል? ግድግዳው ላይ እሰቅለዋለሁ። አሁን ከለበስኩት ግን ያ ባለባጃጅ ጎማውን ጥሎልኝ ይሮጣል።

ትምህርቱንም ጨረሰ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በስልክዎ ያሳዩኝ ፎቶ ከዓይኔ አልጠፋም። ከአንገቱ እስከ እግሩ ጥቁር ለብሷል። እውነቴን ነው የምልዎ፤ አበልጄ ለልጄ ሐዘን ለበሰ አልኩ። ከነቆቡ። እዚያ አገር ሐዘን ሲለበስ ቆብም አለው ማለት ነው አልኩ። የምርቃት ልብስ ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ቢሆንስ? ጥቁር ጥቁር ነው። ሲያየው ሐዘን የመሰለ ሁሉ ሐዘን ካልሆነ፣ ሰው ምን ለብሶ ይዘን?

ለነገሩ ልጄን ሚኪያስን በአርባ ቀኑ አቅፎ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። ያኔ እዚሁ አገር ቤት የሕግ ተማሪ ነበር፤ ከፈተና መልስ በሌሊት ልብሱ ላይ ጋቢ ደርቦ መጣ… አይ፣ ተሳሳትኩ፣ ሱፍ ነበር የለበሰው። አዲስ ሱፍ። ሚኪያስ ሸናበት። ሁላችንም ደነገጥን፤ እርስዎ ግን ‹‹ተዉት፣ ሲሳይ ነው›› አሉ። ሲሳይ ነው! አፍዎ እንዴት ያለ አፍ ነው እትዬ። ይኸው ደረሰለት።

የስደትና የጥገኝነት ሕግ። ሊማር የሄደው ይህን ነው ሲባል መጀመሪያ አልገባኝም። ስደት ሕግ አለው? እኛ የምናውቀው ስደት ደላላ ያለው ነው። ሊሄድ ሲል ግን እዚሁ ጥላ ሥር ተቀምጦ አስረዳን። ካሳውም ነበር። ካሳውን ያውቁታል፤ የአፋርን በረሃ በእግሩ አቋርጦ፣ በጀልባ ተሻግሮ፣ ሳዑዲ ታስሮ የተመለሰው። ‹‹አንተ በሕግ ስደተኛ አይደለህም›› አለው። በትሕትና ነው ያለው። ‹‹አንተ እንጀራ ፍለጋ የሄድክ ነህ። ስደተኛ ማለት መሠረት ያለው ፍርሃት ያለበት ሰው ነው።›› ካሳው ምን አለው ይመስልዎታል? ‹‹ታዲያ ባሕሩ ሊውጠኝ ሲል ማን መስዬው ነው?›› ሳቅን። እሱም ሳቀ። የተማረ ነው ብሎ ባልተማረ ሰው ቀልድ አይኮራም። እኔም ከዚያ ወዲህ ስፈራ መጀመሪያ መሠረቱን አያለሁ።

የተናገረውን ያስታውሳሉ? ‹‹የምማረው ለእኛ ልጆች ነው። በየበረሃው ለሚቀሩት፣ አፍ ለሌላቸው ጠበቃ ልሆን ነው›› አለ። እርስዎ እልል አሉ። እኔም በዚህ በዘይት እጄ አጨበጨብኩ። ቃሉን ጠበቀ። ከእኛ ልጆች በአንዱ ጀመረ… አፍ በሌለው።

ስንቱ ነው እኮ ተምሮ የሚቀር! ዲግሪውን አንጠልጥሎ ባጃጅ የሚነዳ የለም? እኔ ጋ ጎማ የሚያስለጥፉት ግማሾቹ ምሩቃን ናቸው። እሱ ግን የተማሪነት ፈቃዱ ሲያልቅበት ሥራ ስጡኝ ብሎ ደጅ አልጠናም። የተማረውን አወጣ፣ በራሱ ላይ ሠራበት። ሐኪም ራሱን አያክምም ይላሉ፤ ሐኪም ነዋ ያቃተው። የሕግ ሰው አያቅተውም።

እስቲ እሁድ ዕለት የነገሩኝን ደግሜ ልበልዎ፤ እንዳልሳሳት። ያኔ ጆሮዬ ሁሉንም አልያዘውም። እሱ ጥገኝነት ሲጠይቅ ለዚያ አገር ሰዎች ‹‹አገሬ ሳለሁ ልጄ ሞቶብኛል›› ብሏል። ልጁ ሚኪያስ ነው። መንገድ ተዘግቶ፣ በጀርባው ተሸክሞት ሲሄድ፣ ጀርባው ላይ ሞተ ብሏል። ተሸካሚው እሱ ነው። አሁን ደግሞ ሰዎቹ ከአገር ቤት ዘመድ አነጋግረን እናጣራለን ብለዋል። የእኔን ቁጥር ሰጥቷል። ስልኩ ሲደወል እኔ ‹‹የልጁ አጎት ነኝ›› እንድል ነው። ይህ ነው?… ይህ ነው። ባጭሩ ሲሉት እንዴት ቀላል ነው! እኔ ነኝ ያከበድኩት።

ውሸት አይደለም ብለዋል፣ የክርስትና አባት አባት ነው ብለዋል። ልክ ነዎት። ቄሱም እንደዚያ ነው ያስተማሩን፤ የሥጋ አባት ለዚህ ዓለም፣ የክርስትና አባት ለወዲያኛው። እኔ የዚህ ዓለሙ ነበርኩ። ልጁ ደግሞ ከዚህ ዓለም ሄደ። እንግዲህ ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ ተራው የእሱ ነው። ማን ይከራከራል? እኔማ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዳለው ሰውዬ ነኝ። ልጅ አለኝ በሰማይ። ወተቱም አልጠፋም፤ ሌላ ቤት ታለበ እንጂ።

ይልቅ የእሱን ጆሮ ላመስግን። ልጁን የቀበርን ሰሞን ስንቱ መጣ። ‹‹እግዜር ያጥናህ›› ይላል፣ ስለ ዝናብና ስለ ማሽላ ያወራል፣ ይሄዳል። አልፈርድም። እኔም ሰው ቤት ለቅሶ ስደርስ የማደርገው ይህንኑ ነው። የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ቀብር ባይደርስም፣ ያን ያህል ርቀት ላይ ሆኖ ደወለ። ‹‹ንገረኝ›› አለኝ። ‹‹ከመጀመሪያው ጀምረህ ሁሉንም ንገረኝ።›› እንዲህ የሚል ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል?

ነገርኩት። ሮቢት፣ የወይንሸት ወላጆች ቤት ሰንብተን ልጁ ወባ እንደያዘው፣ መንገዱ ተዘግቶ መኪና እንደጠፋ፣ በእናቱ ነጠላ ጀርባዬ ላይ አስሬው በእግሬ ወደ ቆቦ እንደተነሳሁ፣ ኬላው ላይ አላሳልፍ እንዳሉኝ። ‹‹የነጠላው ጥለት ምን ዓይነት ነበር?›› አለኝ። አረንጓዴ አልኩት። ‹‹ምን ምን ይሸት ነበር?›› አለኝ። ማን፣ አገሩ ነው ልጁ? አልኩት። ‹‹ልጁ›› አለኝ። ቅቤ አልኩት፤ ጧት እናቱ አናቱን ቀብታው ነበር። ‹‹ኬላው ላይ የቆመው ሰው ምን ይመስል ነበር?›› ‹‹አንድ ጫማው ወደቀ ያልከኝ የት ላይ ነው?›› ቶሎ ቶሎ ሳወራ ደግሞ ‹‹ቆይ፣ ቆይ፣ ቀስ በል›› ይለኛል። እንዳልደክም አስቦልኝ ነው አልኩ። ከወዲያ በኩል ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር ይሰማኝ ነበር። ዝናብ ነው አልኩ፤ ያ አገር ዝናብ አይለየውም ይባላል። ጣቱ መሆኑ የገባኝ አሁን ነው። የምናገረውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ እያሰፈረው ኖሯል። አንዲት ቃል እንዳትወድቅ።

ስልኩን ስዘጋ ቀለል አለኝ። ወይንሸትን ‹‹አበልጃችን ሰው ነው›› አልኳት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። እውነት ነው፤ አልገደደም። ለእኔም በቅቶ ለእሱም ተርፏል።

ለካ ሕጉ እንዲህ ነው። እሱ ለእርስዎ፣ እርስዎ ለእኔ ሲያስረዱኝ ገባኝ። የፈጠራ ታሪክ ዝርዝር የለውም። እውነት የደረሰበት ሰው ግን ሽታውን ያውቃል፣ ጥለቱን ያውቃል፣ የወደቀችውን ጫማ ያውቃል። ጠያቂዎቹ የሚፈልጉት እሷን ነው። ሌላም አለ፤ ዛሬ ጠይቀው ነገ ቢጠይቁት ያንኑ መናገር አለበት፣ አንዲት ነገር ሳያዛንፍ።

እኔ የምወድቀው እዚህ ላይ ነው እትዬ! ጫማዋ የወደቀችው አንዳንዴ ከድልድዩ ወዲህ ትሆንብኛለች፣ አንዳንዴ ከድልድዩ ወዲያ። ለእሱ ወዲህ ብዬዋለሁ። ለወይንሸት ወዲያ ብያታለሁ። ሄጄም ፈልጌያታለሁ፣ በሁለቱም በኩል፤ የለችም። እሱ ግን አንድም ቀን አልተምታታበትም። ወዲህ ነው ብሏል፣ ወዲህ ነው። ይኸው በእርስዎ በኩል ‹‹ሲጠይቁት ወዲህ ይበል፣ እንዳይሳሳት›› ብሎ ልኮብኛል። ልጄ እንዴት እንደሞተ እንዳልሳሳት ተጨንቆልኛል። ታዲያ ሁለታችንን ጎን ለጎን ቢያቆሙን አባትነቱን ለማን ይፈርዱታል? ለእኔ? እኔማ ከጫማው ሳላልፍ ውሸታም ነህ ተብዬ እወጣለሁ። ዳኛ ብሆን እኔም ለእሱ ነው የምፈርደው።

ያ ኬላው ላይ የነበረው ልጅም ነገር አለ። በእሱ ታሪክ በሰደፍ ጀርባውን መትቶታል። እኔን አልመታኝም። ጢሙን ያላበቀለ ልጅ ነበር፤ ‹‹ወንድሜ፣ ትእዛዝ ነው›› ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እንዲያውም ከኮዳው ውሃ ሰጠኝ። እሁድ ቤት ስገባ ሸሚዜን አውልቄ ‹‹ወይንሸት፣ ጀርባዬን እይልኝ፣ ሰምበር አለ?›› አልኳት። ‹‹የለም፣ ምን ነካህ?›› አለች። እንግዲህ እሱ ጀርባ ላይ ይኖራላ። ውሃውን ግን አላነሳውም አሉ። ውሃ ሕጉ ላይ የለም መሰለኝ። አይፍረዱበት፤ ታሪክም እንደ ሰው ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይለወጣል።

አንድ ነገር ላይ ግን አላገዝኩትም፣ ይቅር ይበለኝ። የልጁን የመጨረሻ ቃል ደጋግሞ ጠይቆኝ ነበር። አልነገርኩትም። ጠርጥሬው አይደለም፤ አፌ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ራሱ ፈልጎ አገኘለት። ‹‹አባዬ፣ አትተወኝ›› አለ ብሏል። ጥሩ ነው። አንጀት ይበላል። ተርጓሚዋ ሴትዮ አለቀሰች አሉኝ አይደል? የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ የድሮ ሰዎች። የሰው ሐዘን ግን ለካ ያደምቃል። እነሱ ምን ያውቃሉ፣ አልተማሩ።

ብቻ ሚኪያስ ‹‹አባዬ›› ብሎኝ አያውቅም። ከእናቱ አፍ ለምዶ ‹‹አለሙ›› ነበር የሚለኝ። ‹‹አለሙ፣ ና››፣ ‹‹አለሙ፣ ጎማ ልንፋ››። እርስዎ እንኳ ‹‹በስሙ አትጥራው፣ ነውር ነው›› ይሉት ነበር። ክርስትና ያነሳው ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ርቆ ነው። ርቀት ያስረሳል። ያን ቀን ያለውን እኔ አውቃለሁ። ለእርስዎም አልነግርዎትም፣ አይቀየሙኝ። እሷን አንዷን ለአጎቱ ይተዉለት።

ጠያቂዎቹ ‹‹ሌላ ከተማ ሄደህ መኖር አትችልም ነበር?›› ብለውታል አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ወይንሸትንም ሰው ሁሉ የሚጠይቃት ይህንኑ ነው፤ ‹‹አገር ቀይሩ፣ ሐዘኑ ይቀልላችኋል።›› እሷ ‹‹መቃብሩን ማን ያየዋል?›› ትላለች። ተራ መልስ ነው። እሱ ግን ለዚህም አንቀጽ የጠቀሰ መልስ ሰጥቷል፤ ‹‹አገሬ ውስጥ የምኖርበት አንድም ቦታ የለም፣ ብመለስ እሞታለሁ›› ብሏል። ሲያዝን እንኳ የተሟላ ነው።

ይህን ስሰማ አንድ ነገር አሰብኩ። ብመለስ እሞታለሁ ያለ ሰው፣ ወረቀቱን ካገኘ በኋላ ተመልሶ መምጣት አይችልም አይደል? ከመጣ ውሸቱን ነበር ይሉታላ። ካሳው ነው የነገረኝ፤ ያ ስደተኛ ያልሆነው። እንግዲህ እርስዎ እሁድ ዕለት የለመኑኝ… ‹‹ልጄ እንዳይመጣ እርዳኝ›› ብለው ነው። አላሰቡትም ነበር? አልነገረዎትም? ረስቶት ይሆናል። ብዙ ነገር ነው የሚያጠና። አይዘኑ እትዬ። እንዲህ ያለውን ለእናት የሚያረዱት ቀስ ተብሎ ነው፤ እሱም ቀስ እያለ ይሆናል።

መልሴን ነው የሚጠብቁት፣ አውቃለሁ። ማጣበቂያው እስኪይዝ ነው።

እሺ ብያለሁ።

ኧረ አይነሱ! ጉልበቴን አይንኩ፣ ነውር ነው፤ እናቴ ነዎት። ሚኪያስ ሲወለድ ጎርፍ ወርዶ አዋላጇ ስትቀር እጅዎ ላይ ነው የወደቀው። ያን ቀንም ገላውን ያጠቡት እርስዎ ነዎት። እኔ ቆሜ ማየት አቅቶኝ ወጣሁ፣ እርስዎ አልወጡም። እርስዎን እምቢ የምልበት አፍ የለኝም። እሱም ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው እኔ ጋ ሳይደውል እርስዎን የላከው። ትምህርት ማለት ይኸ ነው፤ የትኛው በር በማን እጅ ሲንኳኳ እንደሚከፈት ማወቅ።

ተለማምጃለሁም። ‹‹ሃሎ፣ አለሙ እባላለሁ። የሟች አጎት ነኝ።›› መጀመሪያ ለጎማው አልኩት። ጎማው አልተቃወመኝም። ቀጥዬ ለወይንሸት አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና ተነስታ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። እውነቷን ነው፤ ከልጇ አጎት ጋር ምን ታወራለች?

እሷንስ ምን ብሏታል? እናቲቱን። የልጁን እናት ሳይጠይቁት አይቀሩም። እሁድ ዕለት ይህን አልነገሩኝም። ከሌላ አገባች ነው ያለ? ወይስ… ሞታለች ነው ያለው?

እሺ። ይተዉት። አይናገሩት። ለወይንሸት አልነግራትም። እሷስ ባትሰማውም፣ ከልጁ ጋር ከሞተች ሰንብታለች።

አንድ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁልኝ፣ የሕግ ሰው ነው። ጢሜን ልላጨው? አጎት እኮ ይህን ያህል ጊዜ ጢሙን አያጎፍርም፤ ሰው ይታዘበኛል። እሱ በፎቶው ላይ ጥርት አድርጎ ተላጭቷል። የአባት ሐዘን እንደዚያ ከሆነ የአጎት ደግሞ ጭራሽ ሊቀል ነው። ሙት ዓመቱም እየደረሰ ነው። ጠላውን የምንጠምቀው ማን ነን ብለን ነው? ሰው ሲመጣ ‹‹እግዜር ያጥናችሁ›› የሚለው ለማን ነው? አባትዬው ውጭ አገር ነው፣ እኛ ተወካይ ነን እንበል? ደግሞ መንገደኛ ጎማ እያስለጠፈ ‹‹ልጅ አለህ ወይ?›› ይለኛል። እስካሁን ‹‹ነበረኝ›› ነበር የምል። ከስልኩ በኋላስ? ‹‹የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅ›› ልበል? ወይስ ለሰዎቹ ብቻ ነው ያልነበረኝ፣ ለመንገደኛ ይፈቀድልኛል? አንቀጽ አይጠፋለትም፣ ይጠይቁልኝ። አውቄ ማደር እፈልጋለሁ።

መቃብሩን ግን አያስብ። ድንጋዩን የደረደርኩት እኔ ነኝ፣ ደህና ቆሟል። ጎርፉ በዚያ በኩል አይሄድም። አጎት እስካለው ድረስ አባትዬው አያስፈልግም።

ይኸው፣ ያዘ። አየር አይወጣውም። ባለባጃጁ መጣ፣ አዩት? ሰርግ እንደተጠራ ሰው ነው የሚሮጠው። እርስዎም ሊነሱ ነው? ሻይ እንኳ ሳልልዎት። ቀስ ብለው ይሂዱ፣ በዛፎቹ በኩል ይሂዱ፤ አስፋልቱ ይፋጃል።

ሲደውል አለሙ አልተቀየመም ይበሉት። ምርቃቴንም ያድርሱልኝ። እኛ ወሎዎች ነን፣ ሰው ያለ ምርቃት አንሸኝም።

እግዜር የሄደበትን ያቅናለት። የሚያንኳኳው ደጅ ሁሉ ይከፈትለት። የሚናገረው ይሰማለት፣ የሚሰማው ይመንለት። ወረቀቱን ያግኝ፣ ቤቱን ያግኝ፣ ብርዱ አጥንቱ አይግባ። ደህና ሴት ትግጠመው። ወንድ ልጅ ይስጠው። አንገቱን የሚያቅፈው፣ ጀርባው ላይ የሚተኛለት፣ በስሙ የሚጠራው። እርስዎም በስልኩ መስታወት ላይም ቢሆን ስመውት ይጥገቡ። ያ ልጅ ክርስትና ሲነሳም… አበልጁ እንደ እሱ ያለ ሰው ይሁን። የተማረ። ሲነግሩት የማይሰለች፣ የነገሩትን የማይረሳ።

አሜን ይበሉ እንጂ እትዬ።